ሕጉ የፈቀደውን እናት ስትከለክል

ለዚህ ዓምድ ከሚደርሱት ደብዳቤዎች ብዙዎቹ ዞረው ዞረው አንድ ቦታ ነው የሚያርፉት። «ወድጄዋለሁ፣ እሱም ወዶኛል፣ ቤተሰቦቼ ግን ዘሩን አልወደዱትም። ምን ይሻለኛል?» እኔም «ታገሺ፣ የሚሰሙትን ሽማግሌ ላኪባቸው» እያልኩ ስመልስ ኖሬያለሁ። መቼስ በሰው ጉዳይ መካሪ መሆን ምን ይከብዳል! ነገሩ የራሴን ዘመዶች ቤት ሲያንኳኳ ግን መካሪዋም ያው እንደማንም ሆና ተገኘች። የዛሬው ጽሑፌ የመንገድ ወሬ ነው፤ ምክር የሚወጣው ከመንገዱ ነው።

በ2016 ዓ.ም. ክረምት አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ጥሪ ልካልኝ ለአንድ ወር ልጠይቃት ተነሣሁ። ከመሄዴ ሁለት ቀን በፊት አክስቴ ቤታቸው ጠሩኝ። በርበሬው፣ ሽሮው፣ ድርቆሹ በየፌስታሉ ታስሮ ተዘጋጅቷል። ቡና ከጠጣን በኋላ በሩን ዘጋ አደረጉና «አንድ አደራ አለብሽ» አሉኝ።

«ምን እትዬ?»

«ልጄ አንድ ጥቁር አሜሪካዊ አግኝታ ላገባ ነው እያለችኝ ነው። እኔን ባትሰማ አንቺን ትሰማለች። አስተዪልኝ።»

«ሰውየው ምን አጥፍቶ ነው?»

«ምን አጠፋ ትያለሽ እንዴ? አገሩ አይታወቅ፣ ዘሩ አይታወቅ፣ ሰባት ቤት ቢቆጠር የት ይደርሳል? ጎረቤቱ ምን ይለኛል? ነጭ እንኳ ቢሆን…» ብለው ነገሩን ሳይጨርሱት ተዉት። አልጨረሱትም እንጂ ሁለታችንም ገብቶናል።

እውነቱን ልንገራችሁ። «እሺ እትዬ» ነው ያልኳቸው። ደግሞም ለይስሙላ አይደለም፤ ልቤም ተስማምቶ ነበር። ጥቁር አሜሪካዊ ሲባል እኔ የማውቀው በፊልም ላይ ሽጉጥ ይዞ የሚሮጠውን ነው። አንድም ቀን ከአንዳቸው ጋር ቁጭ ብዬ ሻይ አልጠጣሁም። እንዲያም ሆኖ ፍርዴን ሻንጣዬ ውስጥ ከበርበሬው ጋር አሽጌ በረርኩ።

እህቴ (የአክስቴ ልጅ ብትሆንም እህቴ ነው የምላት) አሌክሳንድሪያ በምትባለው ከተማ ነው የምትኖረው። ዋሽንግተን ከወንዙ ማዶ ነው። በዚያ አካባቢ እንጀራ ፍለጋ አይደክሙም፤ አማርኛም በየሱቁ ይሰማል። ዲቪ ደርሷት ከሄደች 12 ዓመት ሆኗታል። አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ውስጥ ሌሊት ሌሊት ትሠራለች። ዕድሜዋ 34 ነው፤ ለእናቷ በየወሩ ገንዘብ መላክ አጓድላ አታውቅም።

ሰውየው የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነው። መጀመሪያ ያየሁት ማታ ነበር፤ ተነሥቶ ሁለት እጁን ዘርግቶ «እንደምን አደርሽ!» አለኝ። ሰላምታው የማታ አለመሆኑን ማን ይንገረው! እህቴ በሳቅ ወደቀች። እኔ ግን ፈገግ ብዬ ዝም። የተላክሁበትን ጉዳይ ይዤ ነዋ የቆምኩት።

በሦስተኛው ቀን «እሑድ አያቴን ልጠይቅ አገሬ እሄዳለሁ፤ አብረሽን ነይ» አለኝ። አገሩ የት እንደሆነ አይታወቅም ያሉኝ አክስቴ ትዝ አሉኝ። አገር አለው ለካ!

አገሩ ካሮላይን ካውንቲ ይባላል፤ ካውንቲ እንደኛ አገር ወረዳ በሉት። ከዋሽንግተን ወደ ደቡብ በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የራፓሃኖክን ወንዝ ተሻግረን፣ እ.ኤ.አ. በ1862 የሰሜንና የደቡብ ሠራዊት የተላለቁባትን ፍሬድሪክስበርግን አልፈን፣ ከአውራ ጎዳናው ወጣን። ከዚያ በኋላ ጫካ፣ የበቆሎ እርሻ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ እንደገና ጫካ። አሜሪካ ማለት ፎቅ ብቻ ለሚመስለው ሰው ይህን ማየት ነበረበት።

የካውንቲው ዋና ከተማ ቦውሊንግ ግሪን ትባላለች። ስሟ ይከብዳል እንጂ ትንሽ ከተማ ናት። መሐሏ ላይ በቀይ ጡብ የተሠራ የቆየ ፍርድ ቤት አለ። እሑድ ስለነበር ዝግ ነው፤ ሰው የለም፣ ሣሩ ታጭዷል። ሰውየው መኪናውን ጥላ ስር አቆመና «የቤተሰብ ነገር ስለሆነ የመጣሽው፣ ይህን ሳታዪ አያቴ ቤት አልወስድሽም» አለ። ለምን እንደመጣሁ ያውቃል ማለት ነው! ጆሮዬ ሞቀ።

በዚህ ዓምድ የሰው ስም አንጠራም። አሁን የማወራላችሁ ባልና ሚስት ስም ግን ራሱ የሕግ ስም ሆኗልና ይፈቀድልኝ። ሪቻርድ እና ሚልድረድ ላቪንግ ይባላሉ። ላቪንግ ማለት በእንግሊዝኛ አፍቃሪ ማለት ነው፤ ደራሲ ቢፈጥረው «አበዛኸው» እንለው ነበር። ሪቻርድ ነጭ ነው፣ ሙያው ግንበኛ። ሚልድረድ ጥቁር ናት፣ የቀይ ሕንዶችም ደም አለባት። ሁለቱም ያደጉት በዚሁ ካውንቲ ሴንትራል ፖይንት በምትባል የገጠር መንደር ነው።

በዚያን ጊዜ ቨርጂኒያ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1924 የወጣ የዘር ንጽሕና ሕግ የሚባል ነበር። ነጭ ከነጭ በቀር አያገባም፤ ያገባ ከ1 እስከ 5 ዓመት ይታሰራል። ስለዚህ ሁለቱ ሰኔ 2 ቀን 1958 ሕጉ ወደማይከለክልባት ዋሽንግተን ሄደው ተጋቡና ወደ መንደራቸው ተመለሱ። የጋብቻ ወረቀታቸውን መኝታ ቤታቸው ግድግዳ ላይ ሰቀሉ።

ሐምሌ 11 ቀን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ሸሪፉ፣ ማለትም የካውንቲው የፖሊስ አለቃ፣ ከሁለት ረዳቶቹ ጋር መኝታ ቤት ድረስ ዘልቆ ገባ። የባትሪ መብራት ፊታቸው ላይ አበራና ሪቻርድን ይህች ሴት ማን ናት ሲል ጠየቀው። ሚልድረድ ሚስቱ ነኝ አለች። ወረቀቱን አሳዩት። እዚህ አይሠራም ብሎ ሁለቱንም ወስዶ አሰራቸው። እሷ ያን ጊዜ 18 ዓመቷ ነበር። ባል በማግስቱ በዋስ ሲወጣ ሚስት ተጨማሪ ቀናት ታስራ ቆየች።

ጥር 1959 ፍርድ ተሰጠ። አንድ ዓመት እስራት፤ ነገር ግን ከቨርጂኒያ ከወጡና ለ25 ዓመት አብረው ካልተመለሱ እስራቱ ይቀርላቸዋል። አያችሁት? ባልና ሚስት መሆን ይችላሉ፣ አገራቸው ላይ ግን አይችሉም። ዋሽንግተን የሚልድረድ ዘመድ ቤት ተጠግተው ሦስት ልጆች አሳደጉ። የገጠር ልጅ ናት፣ ከተማው አልሆናትም። አንዱ ልጇን መኪና ገጨው፤ ልጁ ተረፈ፣ እሷ ግን «በቃኝ፣ አገሬ ልግባ» አለች።

ምን እንዳደረገች ታውቃላችሁ? ደብዳቤ ጻፈች! እ.ኤ.አ. በ1963 ለፍትሕ ሚኒስትሩ ለሮበርት ኬኔዲ ችግሯን ጻፈችላቸው። ከዚያም ወደ አንድ የዜጎች መብት ተከራካሪ ማኅበር ተመራችና ሁለት ወጣት ጠበቆች ጉዳዩን ያዙላት። እኛ ቤት የሚደርሰውን የደብዳቤ ክምር ሳስብ፣ የትኛዋ ፖስታ ውስጥ ምን እንዳለ ማን ያውቃል እላለሁ።

የቀድሞው ዳኛ ፍርዱን እንዲያነሣ ሲጠየቅ እ.ኤ.አ. በ1965 አሻፈረኝ አለ። ምክንያቱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? እግዚአብሔር ዘሮችን በተለያየ አህጉር ያስቀመጣቸው እንዳይቀላቀሉ ፈልጎ ነው አለ! ሰውን ከሰው ለመለየት ስንፈልግ ሁላችንም ፈጣሪን ምስክር አድርገን እንጠራለን። የቨርጂኒያ የበላይ ፍርድ ቤትም ሕጉን አጸናው። ነገሩ ዋሽንግተን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። ሪቻርድ ለጠበቃው የነገረው አጭር ነው፤ ሚስቴን እወዳታለሁ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ አብሬያት መኖር አለመቻሌ አግባብ አይደለም ብለህ ንገራቸው አለው። ሰኔ 12 ቀን 1967 ዘጠኙም ዳኞች በአንድ ድምፅ ለባልና ሚስቱ ፈረዱ። በዚያች ቀን እንዲህ ያለ ሕግ በ16 ክፍለ ግዛቶች ውስጥ ነበር፤ በሁሉም ዋጋ አጣ።

ታሪኩን ሲጨርስ፣ እኔ ብልጥ ነኝ ብዬ አንድ ጥያቄ ጠየቅሁት። «እህቴ በ1958 እዚህ ኖራ ቢሆን፣ አንተና እሷም ትታሰሩ ነበር ማለት ነው?»

ሳቀ። «እኛማ ማን ይነካናል? ሕጉ ነጭን ከሌላው ለመጠበቅ ነው የወጣው። እኔና እሷ በዚያ ሕግ ዓይን ሁለታችንም ባለ ቀለም ነን። እዚሁ ፍርድ ቤት ገብተን ፈቃዳችንን ይዘን እንወጣ ነበር።»

እህቴ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። መኪናው ውስጥ ዝም ተባለ። ነገሩ እስኪገባኝ ትንሽ ቆየሁ። ያ ክፉ የተባለው የ1924 ሕግ እንኳ እነዚህን ሁለት ሰዎች ተጋቡ ይላቸው ነበር። አትጋቡ የሚለው የኛ ቤት ሕግ ነው። ባትሪ አብርታ ይህ ሰው ማን ነው ልትል አትላንቲክን ተሻግራ የመጣችው ደግሞ እኔ ነኝ።

የአያቱ ቤት ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በረንዳ ያለው የእንጨት ቤት ነው። ሴትዮዋ 86 ዓመታቸው ነው። እህቴን «ልጄ» ብለው አቅፈው ሳሟት፤ እኔንም እንዲሁ። ምሳው የተጠበሰ ዶሮ፣ የበቆሎ ዳቦና ጎመን ነበር። ጎመኑን ስቀምስ አይኔን ማመን አቃተኝ፤ በሥጋ የተቀቀለ፣ ልክ የኛ! እህቴ «ቅቤ ብቻ ነው የጎደለው» ብላ ጠቀሰችኝ።

ከምሳ በኋላ አወሩልኝ። የተማሩት ለጥቁር ልጆች በተለየ ትምህርት ቤት ነው። ድምፅ ለመስጠት በዓመት 1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ግብር መክፈል ነበረባቸው፤ ለድሃ ሰው ገንዘብ ነው። ያንንም የክልሉን ግብር ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ1966 ነው የሻረው። በሚቀጥለው ዓመት የላቪንግ ፍርድ መጣ። «ቨርጂኒያን በሁለት ዓመት ሁለት ጊዜ ገሠጿት» አሉና ሳቁ። የአንድ አገር ታሪክ ዞረ ሲባል በቃ የዞረው እንዲህ ነው፤ አንዷ ደብዳቤ ትጽፋለች፣ ሌላዋ አንድ ዶላር ተኩል አልከፍልም ትላለች።

ከዚያ ተነሥተው አንድ የቆየ ትልቅ መጽሐፍ ቅዱስ አመጡ። የመጀመሪያዎቹ ባዶ ገጾች ላይ የቤተሰቡ ስም በተለያየ የእጅ ጽሑፍ ተጽፏል። የተወለደ፣ ያገባ፣ የሞተ። በጣታቸው እየነኩ ከልጅ ልጃቸው ጀምረው ወደ ላይ ቆጠሩልኝ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት… እኔ በልቤ በአማርኛ እቆጥራለሁ። ሰባት ላይ ቆሙ። ሰባተኛዋ ሴት አንድ ስም ብቻ ነው ያላት፤ የአባት ስም የለም። «ይቺ በባርነት ነው የተወለደችው። ከሷ በላይ ያለውን እኛ አልጣልነውም፣ ወሰዱብን» አሉኝ።

ሰባት ቤት! አክስቴ የት ይደርሳል ያሉት ሰባት ቤት እዚያ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶልኛል። ውድ አንባብያን፣ እኔ የአያቴን አባት ስም አውቃለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ግን በእግዚአብሔር ስም እምላለሁ አላውቅም። እናንተስ ስንት ትቆጥራላችሁ?

ልንሄድ ስንነሣ አንድ ማሰሮ የኮክ ማርማላታ ሰጡኝ። «ለእናቷ አድርሽልኝ። ልጃቸውን ለኔ ልጅ ስለሚሰጡኝ አመሰግናለሁ በያቸው» አሉ። ምን ብዬ ልመልስ? «እሺ እማማ» አልኩ። አደራ በአደራ ላይ ተደረበብኝ።

ስንመለስ በሴንትራል ፖይንት በኩል አለፍን። ላቪንግ ባልና ሚስት በፍርዱ ማግስት ወደዚህ ተመልሰው ሪቻርድ በገዛ እጁ ቤት ሠራ። ብዙ አልኖረበትም። እ.ኤ.አ. በ1975 አንድ የሰከረ ሹፌር መኪናቸውን ገጭቶ እሱን ገደለው፤ እሷ አንድ ዓይኗን አጣች። ዳግመኛ አላገባችም። በ2008 እዚያው መንደሯ ሞተች። ታሪካቸው በ2016 ፊልም ሆኖ ሲሠራ ሚልድረድን ሆና የተጫወተችው ሩት ነጋ ናት፤ አባቷ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ አየርላንዳዊት፣ የተወለደችውም አዲስ አበባ። ለኦስካርም ታጭታለች። እኛ እንኮራባታለን አይደል? የተለያየ ዘር ካላቸው ወላጆች የተወለደች ልጅ ዝነኛ ስትሆን የኛ ናት፤ ወላጆቿ ሲጋቡ ግን ምን እንል ነበር?

ከጥቂት ቀን በኋላ እህቴ እረፍት ነበራትና ዋሽንግተን ወሰደችኝ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ነጭ እብነ በረድ ነው፤ ደረጃው ሲወጡት ያደክማል። ፊት ለፊቱ የኮንግረሱ ሕንፃ ይታያል። ደረጃው ላይ ቁጭ ብለን ሳለ ወደዚያ እያሳየች አንድ ነገር ነገረችኝ። ቨርጂኒያ የጋብቻውን ሕግ ባወጣችበት በዚያው በ1924 ኮንግረስም የስደተኛ ኮታ ሕግ አወጣ። አውሮፓውያኑ በሺህ ሲቆጠሩ ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ብቻ ነበር። ያ ኮታ የተሻረው በ1965 ነው፤ ጥቁሮቹ ውሻ ተለቆባቸው፣ በዱላ ተደብድበው የመብት ትግሉን ባፋፋሙበት ዘመን። በአንድ በኩል በዘር መለየት ይቅር እየተባለ በሌላ በኩል በዘር እየለዩ ስደተኛ መቀበል አሳፋሪ ሆነ። የ1980 የስደተኞች ሕግ፣ ዲቪን የፈጠረው የ1990 ሕግ፣ ሁሉም ከዚያ ወዲህ የመጡ ናቸው።

«የገባሁበትን በር የከፈቱት እነሱ ናቸው። እናቴ በሩን ትወደዋለች፣ የከፈቱትን ግን አትወድም» አለችኝ። ቀጥላም «በይ አሁን፣ ምን ብላ ላከችሽ?» አለች።

ነገርኳት። ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ፣ ያልተጨረሰውንም ነገር ጨምሬ። እኔም ተስማምቼ እንደመጣሁ ነገርኳት። አለቀሰች። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ «ዘጠኝ ዳኛ ሕግ ይለውጣል። የእናቴን ልብ ግን ይግባኝ የምልበት የለኝም። ያየሽውን ብቻ ንገሪያት» አለችኝ።

አዲስ አበባ በገባሁ በማግስቱ አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። የመጀመሪያው ጥያቄያቸው «አስተውሻት?» የሚል ነበር። አላስተውኳትም አልኩና ሁሉንም ነገርኳቸው። የፍርድ ቤቱን፣ የባትሪውን፣ የሰባቱን ስም። ማርማላታውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ የአሮጊቷን መልእክት በቃላቸው አደረስኩ። ረጅም ጊዜ ዝም አሉ። «አመሰግናለሁ አሉ? እኔን?» አሉ። ቀጥለው «ሴትየዋ ይጾማሉ?» አሉኝ። እንደኛ አይጾሙም፣ ግን ቤተ ክርስቲያን አይቀሩም አልኳቸው።

ታዲያ ፈቀዱ ወይ ትሉኛላችሁ። አልፈቀዱም። እንደ ፊልም ልጨርስላችሁ ብል ውሸት ይሆናል። ነገር ግን ከሁለት ሳምንት በኋላ ስልክ ደውለው «ለዚያች ለአሮጊቷ በርበሬ ይሆናታል ወይስ ያቃጥላታል?» ብለው ጠየቁኝ። ማርማላታውም ተከፍቷል። እኔ እንደ ይግባኝ የቆጠርኩት ይህንን ነው።

እንግዲህ ምክሩ። ልጅሽ፣ ልጅህ የማታውቁትን ሰው ይዞ ሲመጣ ከመፍረዳችሁ በፊት ቤቱ ሂዱ፣ ምሳ ብሉ፣ አያቱን ጠይቁ። ሽማግሌ ሆናችሁ የምትላኩም የሰጧችሁን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፤ ያያችሁትን ይዛችሁ ተመለሱ። እናንተ ወጣቶች ደግሞ እናታችሁን ሰድባችሁ በር ዘግታችሁ አትውጡ። ሚልድረድ እና ሪቻርድ ከታሰሩባት ሌሊት እስከ ፍርዱ ቀን ዘጠኝ ዓመት ጠብቀዋል። ተለያዩ ሲባሉ ግን አልተለያዩም።

ደብዳቤያችሁን እጠብቃለሁ። ካሁን ወዲያ «ታገሺ» ብቻ ብዬ አልመልስም። ቸር ይግጠመን፤ ሳምንት ያገናኘን።